ካርድ ወይስ ኮምፒውተር? ሐኪሞች ምን ይላሉ

የበሽተኛ ታሪክ በወረቀት ካርድ ይያዝ ወይስ በኮምፒውተር ብላችሁ ፒያሳ አካባቢ ተረኛ ሐኪም ብትጠይቁ መልሱ እንደ ሰልፉ ርዝመት ይለያያል።

ወጪ፦ ካርድ ርካሽ ነው። ኮምፒውተሩ ጄኔሬተር፣ ኔትወርክና የአይቲ ሰው ይፈልጋል።

ፍጥነት፦ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር ጫር አድርጎ "ቀጣይ!" ማለት ይቻላል። ስክሪን ላይ ግን ሐኪሙ ፊደል ሲፈልግ እናትየዋ ጀርባውን ነው የምታዋራው። ይህን ቅሬታ እኔም እጋራዋለሁ።

አደጋ፦ ካርድ ይጠፋል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው እንደ አዲስ ይጠየቃል። ኮምፒውተሩ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል፤ የይለፍ ቃሉ የጋራ ከሆነ ደግሞ ምስጢር የለም።

(ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለውን የጤና መረጃ ሶፍትዌር ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት፤ እሱ በዋናነት የተደመረ የወር ሪፖርት ነው፣ የአንዱን በሽተኛ ታሪክ ለተረኛው አያወጣለትም።)

ለስኳርና ለደም ግፊት ተመላላሾች ኮምፒውተር፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ክሊኒክ ለጊዜው ካርድ። ሐኪሙን የሚያስመርረው ሁለቱንም ሙላ ሲባል ነው።