ራጅ ወይስ ሲቲ ስካን? የውሻዎ አፍንጫ ሲደማ

ውሻዎን ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ለሳምንታት ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወርደዋል እንበል። ራጅ ይነሳ ወይስ ሲቲ ስካን?

ራጅ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ለተሰበረ እግር ወይም ለተዋጠ አጥንት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አፍንጫ ላይ ግን ይቸገራል። ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሱ፣ የተጠቀለሉ አጥንቶች አሉ። ራጅ ሁሉንም ደራርቦ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ያሳያል። ታዲያ ምኑ ከምኑ ይለያል?

ሲቲ ስካንም የሚሠራው በዚያው በራጅ ጨረር ነው። ልዩነቱ ጨረሩ በእንስሳው ዙሪያ መዞሩ ነው። ኮምፒውተሩ ጭንቅላቱን እንደ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ ያሳያል። ዕጢ አጥንቱን በልቶ ወደ አንጎል ዘልቆ ከሆነ ይታያል። ሳንባ ላይም ራጅ የሚያመልጡትን የጥቂት ሚሊ ሜትር እባጮች ያገኛል።

ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ማደንዘዣስ? ውሻ «አትንቀሳቀስ» ቢሉት መቼ ይሰማል! ግን ለአፍንጫ ጥሩ ራጅ ለማንሳትም ማደንዘዣ አይቀርም። ስለዚህ አንዴ ከተኛ፣ አቅም ካለ፣ እኔ ሲቲውን እመርጣለሁ። የዕጢውን ዓይነት ለማወቅ ግን ሲቲም አይበቃም፤ ናሙና መወሰድ አለበት።