ለበረራ ሲሙሌተር የሚሆን የቁጠባ ኮምፒውተር፦ የትኛው ዕቃ ዋጋውን ያወጣል?

የጌም ኮምፒውተር ለማስገጣጠም ምክር ሲጠየቅ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለግራፊክስ ካርድ ይሁን። ለተኩስና ለእግር ኳስ ጌም ምክሩ ያስኬዳል፤ ለበረራ ሲሙሌተር ግን ብር ያባክናል። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርም ሆነ ኤክስፕሌን 12 ከባዱን ሥራ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን አበራረር፣ የኮክፒቱን መሣሪያዎችና በዙሪያው ያለውን ትራፊክ፣ በአብዛኛው የሚጭኑት በአንድ ዋና የፕሮሰሰር ትሬድ (ሥራው ተራ በተራ በሚያልፍበት አንድ መስመር) ላይ ነው። ያ ትሬድ ከተጨናነቀ ካርዱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ ወደ ፕሮሰሰር፣ ቀጥሎ ወደ ራም፣ ከዚያ ወደ ካርድ ይሂድ።

ለዝቅተኛው በጀት የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600ን የሚያህል ምርጫ አላገኘንም። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አለው፤ የሚጠቀመው 65 ዋት ነው፤ ማቀዝቀዣውም ከካርቶኑ ጋር ይመጣል። በስም የሚቀራረበው 5500 ግን ካሹ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ፒሲአይኢውም (ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር) አሮጌው 3.0 ላይ የቀረ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ 5500ን አትንኩት። ሲሙሌተር በየቅጽበቱ ብዙ ጥቃቅን መረጃ ስለሚጠራ፣ ካሹ ሲሰፋ ፕሮሰሰሩ ወደ ራም የሚመላለሰው ይቀንሳል። ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲን እዩት፦ ፍጥነቱ 4.1 ጊጋኸርዝ ነው፤ የ5600 ደግሞ 4.4። ትልቅ ኤርፖርት ላይ ግን 96 ሜጋባይት ካሽ የያዘው 5700ኤክስ3ዲ ይቀድማል። ሁለቱም ኤኤም4 ሶኬት ላይ ስለሚገቡ ዛሬ 5600 ገዝቶ ነገ መቀየር ይቻላል። ለ5700ኤክስ3ዲ ማቀዝቀዣ ለብቻው እንደሚገዛ ግን አትርሱ።

ማዘርቦርዱ ቢ550 ይሁን። ቢ450ም ይሠራል፤ ችግሩ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ 5600ን አያውቀውም፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሻጩ ባዮሱን አዘምኖ፣ ስክሪን ላይ አሳይቷችሁ ብቻ ተቀበሉ።

ራም ላይ የፍላይት ሲሙሌተር 2024 ዝቅተኛ መስፈርት 16 ጂቢ፣ የሚመከረው 32 ጂቢ ነው። እኛም 32 እንላለን፤ ግን ባለ 16 ጂቢ ሁለት ፍሬ እንጂ አንድ ባለ 32 አይደለም። አንድ ፍሬ ብቻ ሲሰካ የመረጃው መተላለፊያ በግማሽ ይጠባል፤ ፕሮሰሰር ላይ የሚደገፍ ጌም ደግሞ ይህን ወዲያው ያሳያል። ባለ አራት ማስገቢያ ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰኩ። ብዙ ገጣጣሚ የሚዘለው ነገር ደግሞ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈለት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር) ማብራት ነው። ካልበራ «3200» ተብሎ የተገዛ ራም በ2133 ወይም በ2400 ይሄዳል፣ ማንም ሳያውቀው። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ስትሉ ፍጥነቱ ይታያል።

ወደ ካርዱ ስንመጣ፣ ለ1080ፒ ሞኒተር አርኤክስ 6600 በቂ ነው፤ 8 ጂቢ ሜሞሪ አለው፣ 132 ዋት ነው። ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጂቢ ከተገኘ ግን እሱን እንመርጣለን። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ትርፉ ወደ ራም ይፈሳል፤ ያኔ ልክ ለማረፍ ስትጠጉ ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ወደ ነጠላ አኃዝ ሊወርድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በ3060 ስም ባለ 8 ጂቢም ይሸጣል። እሱ ሜሞሪ ብቻ አይደለም የቀነሰው፣ ባሱም (የካርዱ ሜሞሪ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ) ከ192 ቢት ወደ 128 ወርዷል። ካርቶኑን አትመኑ፤ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ። የኢንቴል አርክ ቢ580 በወረቀት ላይ ያጓጓል፤ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ግን ፕሮሰሰሩን ብዙ ያሠራዋል። እንደ 5600 ባለ ፕሮሰሰር ላይ፣ ያውም ለሲሙሌተር፣ አንመክረውም።

ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በትንሹ ሠርቶ የሚያሳድግ ዘዴ) ያለው የኢንቪዲያ ካርድ ፍሬም ይጨምራል፤ ቢሆንም ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን ላይ የከፍታ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ ከኋላቸው ጥላ ይጎትታሉ። መሣሪያ እያነበበ ለሚበር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍሬሙ ከበቃችሁ የምስሉን ጠርዝ በሚያለሰልሰው በተለመደው ቲኤኤ ላይ ተዉት።

ብዙ ሰው በርካሽ ለመጀመር ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒ ዴስክቶፕ ይገዛል። አይ5-8500 ያለው ለኤክስፕሌንና ለፍላይት ሲሙሌተር 2020 መነሻ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀጭኑን ኬዝ ሳይሆን ትልቁን ፈልጉ። ቀጭኑ የሚቀበለው ወርዱ የጠበበ (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩም ብዙውን ጊዜ ለካርድ የሚሆን ገመድ የለውም፤ የማዘርቦርዱ መሰኪያ የድርጅቱ የራሱ ስለሆነ ተራ ፓወር ሰፕላይ ያለ አዳፕተር አይገባም። ይህን ለማለፍ ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው የሳታ ገመድ ወደ ካርዱ ባለ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር የሚሸጥላችሁ ይኖራል። በፍጹም አትግዙ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒኑ ግን እስከ 150 ዋት ይጠይቃል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። እንዲህ ላለ ኮምፒውተር ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ባለ 70 ዋቱ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጂቢ ይሻላል።

አዲስ ለሚገጣጠመው 80 ፕላስ ብሮንዝ (የኃይል ቁጠባ ደረጃ) የሆነ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ በቂ ነው፤ 5600 እና 6600 ሲሙሌተር ላይ እያሉ ሲስተሙ በሙሉ ከ300 ዋት ብዙም አያልፍም። ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ እንዳለ እዩ። 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። መብራት ለሚመላለስበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ያስፈልጋል፤ 650 ቪኤ የሚለው እውነተኛ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ስለሆነ ለመዝጊያ ጊዜ እንጂ በረራ ለመጨረስ አይሆንም።

ኬዙ ፊቱ በመስታወት የተዘጋ አይሁን። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን ረዥም መንደርደሪያ የሚፈልግበት ምክንያት ማራገቢያውንም ያደክመዋል። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ማራገቢያ፣ በየጊዜው አቧራ ማስወገድ። ለማከማቻ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ይግባ፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ሲሙሌተር አይጫንም።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ኢንተርኔታችሁን አስቡ። ፍላይት ሲሙሌተር 2024 መልክዓ ምድሩን ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኖቹንም እየበረራችሁ ከሰርቨር ያወርዳል፤ ዝቅተኛው 10፣ የሚመከረው 50 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ኤክስፕሌን 12 ይቀላል፦ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይበራል፣ ነፃ መሞከሪያም አለው። ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላለው ሰው የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

ተገጣጥሞ ሲያልቅ ባዶ ሜዳ ላይ አትፈትኑት። የለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት ላይ ኤ320 ይዛችሁ፣ ትራፊክ አብርታችሁ ሞክሩ። በዴቨሎፐር ሞድ የፍሬም ቆጣሪውን ስታበሩ «በዋና ትሬድ የተገደበ» የሚል ካያችሁ የቴሬይን ኤልኦዲውን (መሬቱ እስከ ምን ርቀት በዝርዝር እንደሚታይ የሚወስነውን ቅንብር) ወደ 100 አውርዱ፣ ትራፊኩንም ቀንሱ፤ የምስል ጥራት መቀነስ ምንም አይጨምርላችሁም። ካርዱ ነው ካለ ደመናውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ፍሬሙን 30 ላይ ቆልፉት። የማይዋዥቅ 30 ከ25 እስከ 55 ከሚዘል ይልቅ ለማረፍ ይመቻል።

ለጆይስቲክ ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ ይበቃል፤ እጀታው ስለሚዞር ለራደር ፔዳል (አፍንጫውን ግራና ቀኝ ለሚያዞረው የእግር መርገጫ) አትከፍሉም። ድክመቱ ውስጡ ያለው ፖቴንሽዮሜትር (እየተነካካ እንቅስቃሴውን የሚለካው ክፍል) መበላቱ ነው፤ መጀመሪያ የሚሄደውም የመዞሪያው ነው። የትረስትማስተር ቲ.16000ኤም ዋና እንቅስቃሴ በማግኔት ሴንሰር ስለሆነ ይቆያል። ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ሰክታችሁ በዊንዶውስ የጌም መቆጣጠሪያ መስኮት መስቀሉን ተመልከቱ፣ እጀታውንም ግራና ቀኝ አዙሩት። እጃችሁን አንስታችሁ መስቀሉ መሃል ላይ ካልረጋ፣ ወይም የመዞሪያው አመልካች ብቻውን ከተንቀጠቀጠ፣ ሌላ ጠይቁ።