ካርናቢንና ቦዳንን ለይቶ ለማየት፦ የካራኪን ጉብኝት

በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከፐርዝ ከተማ ዳርቻ ማርቲን በተባለ ሰፈር የሚገኘው ካራኪን የተጎዱ ጥቁር ኮካቱዎች (የበቀቀን ዘመድ የሆኑ ወፎች) የሚያገግሙበት ማዕከል ነው። ወፍ ለሚወድ ሁሉ ከልቤ የምመክረው በተለይ የካርናቢንና የቦዳንን ኮካቱዎች ልዩነት በቅርብ ስለሚያስተምር ነው።

ሁለቱም በዓለም ላይ የሚገኙት በዚሁ አገር ደቡብ ምዕራብ ብቻ ነው። ሁለቱም ጥቁር ሆነው ጉንጫቸውና ጅራታቸው ነጭ አለበት፤ ርዝመታቸውም ወደ 56 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ የሚበር መንጋ አይቶ እርግጠኛ መሆን ይከብዳል። የካርናቢው ለብቻው ተለይቶ በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1948 መሆኑ አያስገርምም።

ወፎቹ አጠገብ ሲቆሙ ግን ነገሩ ይጠራል። የካርናቢ ምንቃር አጭርና ሰፊ ሲሆን፣ የቦዳን የላይኛው ምንቃር ቀጭንና ረጅም ነው። ጥቅሙን የሚያሳየው የባሕር ዛፍ ዘመድ የሆነው የማሪ ዛፍ ፍሬ ነው። ይህ ፍሬ ጠንካራና ትንሽ እንስራ የመሰለ ነው፤ ቦዳን የምንቃሩን ጫፍ በፍሬው አፍ አስገብቶ ዘሩን ሲያወጣ ቅርፊቱን እምብዛም አይጎዳውም፣ ካርናቢ ግን ጠርዙን እያኘከ ይሸራርፈዋል። ጀማሪዎችን የሚያሳስተው የምንቃር ቀለም ነው፤ በሁለቱም ዝርያዎች የወንዱ ጠቆር ያለ፣ የሴቷ አጥንት መሳይ ስለሆነ ቀለሙ የሚናገረው ስለ ጾታ እንጂ ስለ ዝርያ አይደለም።

የሚያስጨንቃቸውም ነገር ይለያያል። ካርናቢ የሚራባው ስንዴ በሚመረትበት አካባቢ በቀሩ ያረጁ ዛፎች ፍልፍል ውስጥ በመሆኑ የደን ምንጣሮ ክፉኛ ጎድቶታል። በደቡቡ እርጥብ ደን የሚኖረው ቦዳን ደግሞ ወደ ፖምና ፒር እርሻ ሲወርድ በሕገ ወጥ መንገድ በጥይት ይመታል። በአንድ የመራቢያ ወቅት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ስለሚያሳድጉ፣ ታክሞ ወደ ዱር የሚመለስ እያንዳንዱ ወፍ ትልቅ ዋጋ አለው።

ጉብኝቱ አስቀድሞ መመዝገብን ይጠይቃል። ለመለቀቅ የሚዘጋጁት ወፎች ከሰው ጋር እንዳይላመዱ ስለሚጠበቁ ሁሉንም አያለሁ ብሎ መሄድ አይገባም፤ ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ። ጊዜ ያለው ሰው ከዚያ ወጥቶ በፐርዝ ኮረብታዎች ደን ውስጥ የወደቁ የማሪ ፍሬዎችን እያነሳ ጠርዛቸውን ቢመረምር፣ የትኛው ወፍ እንደበላበት ራሱ መለየት ይጀምራል።