በጥር እጄ የተለካ እጀታ፦ የመጀመሪያው የውድድር ሽጉጤ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ሽጉጡ ሳጥኑ ውስጥ አልገባም። ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ይህን ልናገር፤ አሥራ አንድ ወር የደከምኩበት ነገር በሁለት ሚሊሜትር ተርፎ ዳኛ ፊት ሲቆም ካየሁ ወዲህ ስለ እርሱ በሰከነ መንፈስ መጻፍ አልሆነልኝም።

ለማያውቅ ሰው፦ በአሥር ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር መሣሪያ ከተኩስ በፊት ይፈተሻል። ክብደቱ ከ1,500 ግራም መብለጥ የለበትም። ቃታው 500 ግራም አንጠልጥሎ ሳይለቅ መቆም አለበት። ሽጉጡ ከነእጀታው 420 በ200 በ50 ሚሊሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ሚዛኑን አለፍኩ። ቃታውን አለፍኩ። ፀጉራቸው የሸበተ ዳኛ ሽጉጡን ቀስ አድርገው ሳጥኑ ላይ አጋደሙት፤ የመዳፍ መደገፊያው ጫፍ ጠርዙ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ገፋ እንኳ አላደረጉትም። አውራ ጣታቸውን ባበጠው ቦታ ላይ አሳለፉና «ሞረድ ይዘዋል?» አሉኝ።

የምኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ነው። እዚህ አገር ትንሽ ከተማ ሁሉ የተኩስ ክለብ አለው፤ እኔም ሁለት ዓመት ያህል በክለቡ ሽጉጥ፣ ስንት እጅ ባለፈበት እጀታ ተኮስኩ። የራሴን ላሟላ ስል የአየር ሽጉጥን የመረጥኩት በአንድ በኩል ቀላል ስለሆነ ነው፦ በጀርመን ከ7.5 ጁል ያልበለጠና በአምስት ማዕዘን ውስጥ «ኤፍ» የታተመበት የአየር መሣሪያ ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ያለ ፈቃድ ይሸጣል። በባሩድ የሚተኮሰው ግን ቢያንስ የአንድ ዓመት የክለብ ልምምድና ብዙ ወረቀት ይጠይቃል።

አካሉን ያገለገለ ገዛሁ፤ ኦስትሪያ ሠራሹ ሽታየር ኤል ፒ 10 ነው፣ 850 ዩሮ። በውስጡ የምትንቀሳቀስ አንዲት ትንሽ ክብደት የተኩሱን ግፊት ታካክሳለች፤ አፈሙዙ ከዒላማው ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። አብረውት ከመጡት ሁለት የአየር ሲሊንደሮች የአንዱ የአሥር ዓመት አገልግሎት አልቆ ስለነበር አዲስ ጨመርኩ። የፊት ማነጣጠሪያውን ሰፋ ባለው ቀየርኩ። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልወቅስም።

ከዚያ እጀታው መጣ።

የእጀታው ሻጭ በስልክ ያለኝን አልረሳውም፦ «የፋብሪካው እጀታ ለሁሉም የተሠራ ነው፤ ለሁሉም የተሠራ ደግሞ ለማንም አይሆንም።» ምን ይመለስለታል? እጄን ወረቀት ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ ሳልኩ፤ ልጆች ሳለን በደብተር ጀርባ እንደምናደርገው። በዚያ ልክ እንዲጠርብልኝ 190 ዩሮ ከፈልኩ። ወሩ ጥር ነበር፤ የቤቱ ማሞቂያ ደግሞ የይስሙላ። በመጋቢት የዋልነት እጀታ በሣጥን መጣ። የእንጨቱ መስመር እንደ ማር ይፈሳል፤ ጣቶቼ የት እንደሚገቡ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

በፀደይ ወራት ውስጥ ያየሁትን ደስታ መካድ ነውር ነው። እጀታ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሒሳቡን ላሳይ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 35 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ዒላማው አሥር ሜትር ላይ ነው። የፊቱ ማነጣጠሪያ ከኋላኛው ጋር ካለው መስመር በአንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ጥይቱ ዒላማው ላይ 28 ሚሊሜትር ገደማ ይስታል። የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት ግን 11.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይንን ጨፍኖ ሽጉጡን ማንሳት፣ ከዚያ ገልጦ ማየት የታወቀ ፈተና ነው፤ ማነጣጠሪያዎቹ ተሰልፈው ከጠበቁህ እጀታው ያንተ ነው። በመጋቢት ስገልጥ ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። በሚያዝያም እንዲሁ። ባለቤቴን ከኩሽና ጠርቼ ያሳየኋት ጊዜ አለ፤ አየችና «ጎበዝ» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

እኛ ሐምሌን የምናውቀው በጋቢ ነው። እዚህ ሐምሌ ላብ ነው፤ የክለቡ አዳራሽ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ። እጅ በሙቀት ያብጣል። ያ ለጥር እጄ የተጠረበ እጀታ የሐምሌ እጄን አላስገባ አለ። ዓይኔን ስገልጥ የፊቱ ማነጣጠሪያ ወደ ግራ ተገፍቶ ይገኛል። አንጓዬን ልጠምዝዝ ስል ክንዴ ይንቀጠቀጣል። በብርጭቆ ወረቀት ውስጡን ፋቅኩት። የሚያምረው ቅባት ተነሣ፣ እንጨቱ ነጣ፣ እጄ ግን ገባ።

ጥቅምት መጣ፤ ብርዱ መጣ፤ እጄ ከሳ። አሁን በፋቅኩት ጉድጓድ ውስጥ እንደ ልጅ እግር በአባት ጫማ ይንሸራተታል። ምን ላድርግ? ጉድጓዱን በእንጨት ስቱኮ ሞላሁ፤ የመዳፍ መደገፊያውንም ጠርዝ ወደ ውጭ አሰፋሁ። ሲመጣ 49 ሚሊሜትር የነበረው 52 ሆነ። አልለካሁትም።

ሻጩ አሁን ምን እንደሚለኝ ይሰማኛል፦ «ጌታዬ፣ እኔ የላክሁልዎት በደንቡ መሠረት ነበር፤ ያበላሹት እርስዎ ነዎት።» ጥሩ። የስቱኮዋን ቆርቆሮ «ለጥቃቅን ማስተካከያ» ብሎ በ14 ዩሮ የጨመረልኝ ማን ነው? 50 ለሚፈቅድ ሳጥን 49 አድርጎ ጠርቦ ለማስተካከያ አንድ ሚሊሜትር የተወልኝስ? የሰው እጅ እንደ ብረት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ያመነ ሰው በሕይወቱ ቀለበት አድርጎ አያውቅም ማለት ነው። «ሲያስለኩ ክፍሉ ሞቃት ይሁን» የሚል አንድ መስመር ወረቀቱ ላይ ቢጽፍ ምን ይጎድልበት ነበር?

ሞረድ አልነበረኝም፤ ዳኛዋ ከመሳቢያቸው አውጥተው አዋሱኝ። መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ይዤ ሞረድኩ። የዋልነት ብናኝ ጥቁር ሱሪዬ ላይ ረገፈ፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አንድ ምክር እየጣለልኝ ሄደ። በሦስተኛው ሙከራ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ስድሳ ጥይት። በልምምድ 545 ነጥብ አካባቢ የማገኝ ሰው 531 ይዤ ወጣሁ። እጄ የሚያርፍበት ጠርዝ አዲስ ስለተቆረጠ እስከ መጨረሻው ይቧጥጠኝ ነበር።

ስለ ቀሪው ሽጉጥ የሚጻፍ የለኝም፤ ይህም ምስጋና ነው። በአሥራ አንድ ወር አንድ ጊዜ እንኳ አልከዳኝም።

አሁን የተሰካበት አካሉን ስገዛ በላስቲክ ከረጢት የመጣው የፋብሪካው እጀታ ነው፤ «ለማንም አይሆንም» የተባለው። ልምምድ ላይ በእርሱ የማገኘው ከዋልነቱ ምርጥ ወራት በሦስት ነጥብ ያንሳል። ሦስት ነጥብ በ190 ዩሮ፣ ያውም መጋቢትና ሚያዝያ ብቻ። ሽጉጡን ብትሸጡልኝ ነገም እገዛዋለሁ፤ እጀታውን ግን በነፃ ቢሰጡኝ መጀመሪያ እጄን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ አስባለሁ።

ዋልነቱ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነው። የሚፈልግ ካለ በ40 ዩሮ እሸጠዋለሁ፤ ለቀኝ እጅ፣ መካከለኛ፣ በብርድ ጊዜ ብቻ። የስቱኮዋንም ቆርቆሮ እመርቃለሁ፤ ግማሽ ያህል ቀርቷታል።