ኮምፓይል ፋርም፦ ፓወር ማሽን ለሌለን

የጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ ዲበገር) ቴስቴ ላፕቶፔ ላይ ያልፋል፣ ፓወር በተባለው የአይቢኤም ፕሮሰሰር ላይ ግን ይወድቃል። ፓወር ማሽን ከየት ይመጣል? የጂሲሲ ኮምፓይል ፋርም የተባለው አገልግሎት ልዩ ልዩ ፕሮሰሰር ያላቸውን ማሽኖች ከርቀት እንዲጠቀሙባቸው ለነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎች በነፃ ይሰጣል። አካውንት ከፈትኩ፣ በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያ) ገባሁ።

እውነተኛው ማሽን ላይ ችግሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። በ64 ቢት ሊትል ኢንዲያን (የባይት አደራደር ዓይነት ነው) ፓወር አንድ ፈንክሽን ሁለት መግቢያ ሊኖረው ይችላል። ቴስቱ ብሬክፖይንቱን (ፕሮግራሙ እንዲቆም የሚደረግበትን ነጥብ) የመጀመሪያው በር ላይ ይተክላል። ጥሪው ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ 8 ባይት አልፎ፣ በሁለተኛው ይገባል። ፕሮግራሙ ሳይቆም ያልፋል። ዲበገሩ ምንም አላጠፋም! በብሬክፖይንቱ ትእዛዝ ከፈንክሽኑ ስም ፊት ያለችውን፣ «ልክ የመጀመሪያው አድራሻ ላይ ቁም» የምትለውን የኮከብ ምልክት (*) አነሳሁ፤ ቴስቱ አለፈ።

ይህን አገልግሎት በጣም ወድጄዋለሁ። ማሽኑ የጋራ ነውና እባካችሁ ሁሉንም ኮር ለብቻችሁ አትያዙ።