የራሴን አሮጌ ፓምፕ ቀለም ቀብተው መልሰው ለእኔው ሸጡት

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው። ሰኞ ዕለት ለክፉ ቀን ብዬ ካስቀመጥሁት 46,000 ብር ላይ 38,500ውን ደሴ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ጋራዥ አስረከብሁ። ገንዘቡን ከመምህርነት ደመወዜ በየወሩ 2,000 ብር እየቀነስሁ በ23 ወር ያጠራቀምሁት ነበር፤ ክፉው ቀን ግን ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ እንደነበር አላወቅሁም።

ነገሩ የጀመረው ሐረጎ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሽቅብነቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔዋ ዲኤክስ ቶዮታ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑም ሥር እንፋሎት ወጣ። እየቆምሁ ውሃ እየሞላሁ ከተማ ደረስሁና ጋራዥ አስገባኋት። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ወንበር በጨርቅ ተጠርጎ ይቀርባል፣ ቡና ይታዘዛል፣ ባለቤቱም «አብሽሩ መምህር፣ እኛ እያለን ምን ያስጨንቅዎታል» ይላል። ወሎዬ ሆኖ በዚህች ቃል ልቡ የማይረጋ የለም።

ባለቤቱ ሞተሩን አስነሥቶ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ፣ «ይኸው አረፋው፤ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል» አለኝ፤ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ ማለቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደሚፈላ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ የማስተምረው እኔው ነኝ። ያን ዕለት ግን በጋለ ሞተር ላይ የሚንፈቀፈቀውን ውሃ እንደ ተአምር እያየሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ለጋስኬቱና ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ለማስላጨት 22,000፣ ለአዲስ የውሃ ፓምፕ 9,500፣ ለእጅ ዋጋ 7,000 ብር ተቆረጠብኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመርበታል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም 5,775 ብር ያተረፍሁ መስሎኝ ሥራው ሳይጀመር ሙሉውን ገንዘብ በግል የባንክ ሒሳቡ አስተላለፍሁለት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናዬን ልወስድ ሄድሁ። ባለቤቱ ኮፈኑን አንሥቶ ጠቆመኝ፤ ከቺንጋው ጀርባ ፓምፑ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል። በዙሪያው ያለው ሁሉ የዘይትና የአቧራ እድፍ ለብሶ እርሱ ብቻ ሲያበራ ደስ አለኝና በሌባ ጣቴ ነካ አደረግሁት። ጣቴን ሳነሣው ጫፉ ብርማ ሆኗል። ከአውራ ጣቴ ጋር ባሻሸው ተጣበቀብኝ፤ ባሸተው ያልደረቀ ቀለም ነው። በነካሁበት ቦታ ላይ ደግሞ፣ በጣት አሻራዬ ልክ፣ ቡናማ ዝገት ብቅ ብሏል።

«ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጣቴን ዘረጋሁለት። ጣቴን ሳይሆን ፊቴን አየና «ዝገት መከላከያ ነው፤ ከፋብሪካው እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» አለ። አሮጌውን ፓምፕ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሰጥተነዋል አለኝ፤ የአዲሱን ካርቶን ስጠይቀው ደግሞ ልጆቹ ቡና አፈሉበት አለኝ። ድምፄ ከፍ ማለት ሲጀምር ወደ ሠራተኞቹ ዞር ብሎ «መምህር፣ አንቱ ጠመኔዎን ይያዙ፣ መፍቻውን ለእኛ ይተዉልን» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከሌላ መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራ የነበረ፣ በዕድሜው ከተማሪዎቼ የማይበልጥ ልጅ እንኳ፣ ሳቁ እንዳያመልጠው አንገቱን ብቅ አደረገ። ከዚያም ባለቤቱ ዘይት የጠጣ ጨርቅ አቀብሎኝ «ጣትዎን ይጥረጉ» አለኝ። እኔ ጅሉ ማስረጃዬን በገዛ እጄ ጠርጌ፣ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ገንዘቡ ከሚያንገበግበኝ ይልቅ ያች ምስጋና ታንገበግበኛለች።

ዓርብ ጠዋት ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ እዚያው ሐረጎ ላይ እንደገና ፈላች። የጠራሁት ሌላ መካኒክ ቤንዚን በነከረው ጨርቅ ፓምፑን ሁለት ጊዜ ቢያብሰው ከሥሩ የዛገው የራሴ ፓምፕ ወጣ፤ ኩሽኔታው ላልቶ ይወዛወዛል፣ በሥሩ ካለችው ቀዳዳም ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የቴስታታው ብሎኖች የዓመታት እድፋቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ መፍቻ የሚባል አልነካቸውም። በሽታዋ መጀመሪያም ፓምፑ ብቻ ነበር።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በእኔ እጅ ያለው ግን ለአንድ ግለሰብ ገንዘብ መላኬን እንጂ ለምን እንደላክሁ የማይናገር የባንክ ወረቀት ነው። ስለዚህ ደረሰኝ ሳትይዙ አትክፈሉ፤ የሚለወጠው ዕቃ ላይም ሳይፈታ በፊት በምስማር ጫር አድርጉበት።

ትናንት ማታ ለባለቤቱ ደወልሁለት። እስከ መጨረሻው ሳይቆጣ ሰማኝና «አብሽሩ መምህር፣ ሰኞ ያምጧት፤ በቅናሽ እናያታለን» ብሎ ስልኩን ዘጋው።