ቦ-ሴ እና ሙ-ሴ፦ በመዥገር ወለድ የደም በሽታ ለተያዘ ከብት ምን ያህል ይረዳሉ?

ሁለቱም ሴሌኒየምና ቫይታሚን ኢ የያዙ መርፌዎች ናቸው። የተዘጋጁት በእነዚህ ንጥረ ነገሮች እጥረት ለሚመጣ የጡንቻ በሽታ ነው። ባቤዢያ፣ ታይሌሪያ ወይም አናፕላዝማ (መዥገር የሚያስተላልፋቸው የደም ተሕዋስያን) ለያዘው ከብት ሲሰጡ ግን ደጋፊ ብቻ ናቸው፤ ውሳኔውም የእንስሳት ሐኪም ነው።

ሐሳቡ መሠረት አለው። በሽታው ሲበረታ የሚበዙት ፍሪ ራዲካሎች (ሴል የሚጎዱ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች) በቀይ የደም ሴል ሽፋን ላይ ያለውን ስብ ስለሚያበላሹት ሴሉ በቀላሉ ይፈርሳል። ቫይታሚን ኢ ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ ይህን ጥፋት ይገታል።

ቅሬታችን መጠኑ ላይ ነው። ሙ-ሴ በ1 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ሴሌኒየም ሲይዝ ቫይታሚን ኢው 68 ዩኒት ብቻ ነው። ለ90 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ስለሚታዘዝ፣ 450 ኪሎ የምትመዝን የሥጋ ዝርያ ላም በ5 ሚሊ ሊትር የምታገኘው 340 ዩኒት ነው። ቫይታሚን ኢ ብቻ የያዘው ባለ 300 ዩኒት መርፌ ይህንኑ ያህል በ1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ ለሴል ሽፋን ከሆነ እሱን እንመርጣለን። ሴሌኒየሙም ቶሎ አይደርስም። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባለው ተከላካይ ኢንዛይም ውስጥ የሚገባው ቀይ ሴሉ መቅኔ ውስጥ ሲሠራ ስለሆነ፣ በደም ውስጥ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሽንቷ ደም ለመሰለ ላም ቅድሚያው የባቤዢያው መድኃኒት ነው፤ ኢሚዶካርብ ወይም ዲሚናዚን። ለታይሌሪያ ቡፓርቫኮን፣ ለአናፕላዝማ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይሰጣል። የቀይ ሴሎች ድርሻ ከ12 በመቶ በታች ከወረደ ደም መስጠት ይታሰባል።

ከሁሉ የሚያሳስበን የስማቸው መመሳሰል ነው። ቦ-ሴ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ሴሌኒየም ብቻ ስላለው፣ የእሱን ልክ ከሙ-ሴ ብልቃጥ የቀዳ ሰው 5 እጥፍ ይወጋል። የሴሌኒየም መመረዝ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። መርፌው ከመሞላቱ በፊት በብልቃጡ ላይ ያለው የሚሊ ግራም ቁጥር ይነበብ፤ ክብደቱም በግምት ሳይሆን በደረት መለኪያ ሜትር ይታወቅ። ድንገተኛ የአለርጂ ድንጋጤ ስለሚያጋጥም አድሬናሊን በእጅ ይኑር። ቦ-ሴ ለእርጉዝ በግ አይሰጥም። ሙ-ሴ የተወጋ ከብት 30 ቀን ሳይሞላው አይታረድም።

የደም ማነሱን አይቶ የብረት መርፌ መጨመርም የተለመደ ስህተት ነው። ከፈረሱት ሴሎች የወጣው ብረት አብዛኛው እዚያው ሰውነት ውስጥ ነው፤ ትርፍ ብረት ደግሞ ፍሪ ራዲካሎቹን ያበዛል።